አልጠጋሽ ላለችሽ ልጅ፣ ከአንድ አደራ አባት

እህቴ፣ «በአደራ የተቀበልናት የስድስት ዓመት ልጅ እንግዳ ሲመጣ ትጠመጠማለች፣ እኔን ግን አትጠጋኝም። በጨዋታ የሚሰጥ ሕክምና ይረዳናል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኛ ቤት ረድቷል። ውድ መጫወቻ ፍለጋ ግን አትሯሯጪ።

ለእንግዳ መጠምጠሟ ቅር አይበልሽ። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ያደገ ልጅ የእኔ የሚለውን ሰው ለመለየት ጊዜ ይወስድበታል።

እኛ የሠራነው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ በርናርድና ሉዊዝ ገርኒ አሜሪካ ውስጥ በጀመሩት መንገድ ነው። የጨዋታ ሕክምና ባለሙያዋ አሳዳጊውን ታሠለጥናለች፣ ከልጁ ጋር የሚጫወተው ራሱ አሳዳጊው ነው። በሳምንት ግማሽ ሰዓት፣ ቀኑ የማይዛነፍ። ስልክ ይዘጋል። ልጁ ይመራል፣ አንቺ ትከተያለሽ። «ይሄ ምን ቀለም ነው?» እያሉ ማስተማር የለም። ያየሽውን ብቻ ትናገሪያለሽ።

የእኛው ልጅ እቃቃ ሲጫወት «ምግቡን» ሁሉ አልጋ ሥር ይደብቅ ነበር። «ለነገ አስቀመጥከው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ትንሽ ቆይቶ በቆርኪ አፈር ሞልቶ «ወጥ ነው፣ ብላ» አለኝ። አቤት የበላሁት አፈር! (በውሸት ነው እንጂ።)

ገደብም አለው። ልትመታሽ ብትቃጣ፣ «ተናደሻል፣ አውቃለሁ። እኔን ግን መምታት አይቻልም፣ ትራሱን ምቺው» በያት፣ ሳትጮሂ። አጠፋች ብለሽ ደግሞ የጨዋታ ሰዓቷን አትከልክያት። የቅጣት መሣሪያ ከሆነ አለቀለት።

በሌላው ቀን ኩኩሉ ተጫወቱ። «አልነጋም» ብላ ስትደበቅ ቶሎ አታግኛት፣ ግን ፍለጋሽን ትስማ፦ «የት ገባች ይቺ ልጅ? ያለሷ ቤቱ ምን ይሆናል?» መፈለጓን በጆሮዋ መስማቷ ነው ዋናው። ጉርሻም፣ ፀጉር መሥራትም ያቀራርባል። ተመትቶ ያደገ ልጅ ግን እጅ ሲዘረጋበት ሊደነግጥ ስለሚችል አስቀድመሽ ጠይቂያት።

«ነገ ቤተሰቦቿ ቢወስዷትስ፣ ምን ያለማምድሻል?» የሚሉሽን አትስሚ። አንድ ሰው ማመን የቻለ ልጅ ሌላውን ማመን ይቀለዋል።

መጀመሪያ ላይ ብትብስ አትደንግጪ፣ እየፈተነችሽ ሊሆን ይችላል። ራሷን የምትጎዳ ከሆነ ወይም ከዕድሜዋ ጋር የማይሄድ የወሲብ ነገር በጨዋታዋ ከታየ ግን ብቻሽን አትያዢው፤ በዚያው ቀን ጉዳይዋን ለምትከታተለው ሶሻል ወርከር ደውይ።