የፍሪጅ በር ከፍቶ ቤት ማቀዝቀዝ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሙቀት ከትኩስ ወደ ቀዝቃዛ እንጂ በተቃራኒው አይሄድም ተብለን ተምረናል። ታዲያ ፍሪጅ ከቀዝቃዛው ውስጡ አውጥቶ ወደ ሞቃቱ ክፍል እንዴት ይወስደዋል? ደግሞስ በዚህ በድሬዳዋ ሙቀት በሩን ከፍተን ብናሳድረው ቤቱ አይቀዘቅዝም?

መልስ፦ በሩን አይክፈቱት፤ ቤቱ ጭራሽ ይብስበታል።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላውዚየስ እ.ኤ.አ. በ1854 እንዳስቀመጠው የተከለከለው ሙቀት ከቀዝቃዛ ወደ ትኩስ በራሱ፣ ያለ ሌላ ለውጥ መሄዱ ነው። በፍሪጅ ያ ሌላ ለውጥ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) የሚበላው መብራት ነው። ልብ ካሉት ደግሞ ፍሪጁ ውስጥም ቢሆን ሙቀት አንድም ቦታ ከቀዝቃዛ ወደ ትኩስ አይተላለፍም። በፍሪዘሩ ቱቦ ውስጥ ግፊት ስለሚወርድ ፈሳሽ ሆኖ የመጣው የማቀዝቀዣ ጋዝ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ያለው ሥጋ ከእሱ ይልቅ ሞቃት ስለሆነ ሙቀቱን ይሰጠዋል። ኮምፕሬሰሩ ያንኑ ጋዝ ጨምቆ 50 ዲግሪ ገደማ ሲያደርሰው፣ የ35 ዲግሪው የክፍል አየር በተራው ከጋዙ ይልቅ ቀዝቃዛ ይሆናል። ጋዙም በኮንደንሰሩ (ሙቀቱን ወደ ክፍሉ በሚለቀው ቱቦ) ሙቀቱን አራግፎ ፈሳሽ ይሆናል።

ሂሳቡን በምሳሌ እንየው። ኮምፕሬሰሩ 100 ዋት በልቶ ከውስጥ 150 ዋት ቢያወጣ፣ ኮንደንሰሩ 250 ዋት ወደ ክፍሉ ይለቃል። ኢንትሮፒ የሚባለው ልኬት (የተሸጋገረው ሙቀት በኬልቪን፣ ማለትም በሴልሺየስ ሲደመር 273፣ ተካፍሎ) ከውስጥ በሰከንድ 150 ÷ 248፣ ማለትም 0.60 ይቀንሳል፤ በውጭ 250 ÷ 323፣ ማለትም 0.77 ይጨምራል። ሕጉ የሚጠይቀው ጠቅላላው ኢንትሮፒ እንዳይቀንስ ነው፤ ድምሩ ስለጨመረ ተከብሯል።

በሩ ሲከፈት 150ው ከክፍሉ ይወሰዳል፣ 250ው እዚያው ክፍል ይመለሳል። ትርፉ 100 ዋት ሙቀት ነው። ቴርሞስታቱ የተሞላለትን ቅዝቃዜ ስለማያገኝ ኮምፕሬሰሩ አያርፍም፤ ይግላል፣ መከላከያውም ደጋግሞ ያጠፋዋል። ከአየሩ የሚገባው እርጥበት ደግሞ ፍሪዘሩ ላይ በረዶ ይጋግራል፤ በረዶው ሙቀት በደንብ ስለማያሳልፍ ሥራው ይብስ ይከብዳል። ኤሲ ቤት የሚያቀዝቅዘው ኮንደንሰሩ ከግድግዳው ውጭ ስለሆነ ብቻ ነው።

በሞቃት ከተማ የሚበጀው ኮንደንሰሩን ማስተንፈስ ነው። 50 ዲግሪው ወደ 60 ቢወጣ፣ በአንድ ዋት መብራት ከውስጥ እንዲወጣ ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛው ሙቀት ከ3.3 ወደ 2.9 ዋት ይወርዳል፤ እውነተኛው ፍሪጅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቁት፣ ከምድጃና ከፀሐይ ይለዩት፣ ከሶኬት ነቅለው የኋላውን አቧራ በብሩሽ ያራግፉ። ጎኖቹ የሚሞቁ ከሆነ ኮንደንሰሩ እዚያ ተቀብሯልና በጎንም ክፍተት ይተዉ። በመጨረሻ በሩን ወረቀት ላይ ዘግተው ወረቀቱን ይሳቡት፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ የበሩ ጎማ መቀየር አለበት።