ሻንጣው ይቆይ፣ መጀመሪያ ወረቀቱ

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የሶስተኛ አመት የኮሌጅ ተማሪ ነኝ፣ በልውውጥ ፕሮግራም ለአንድ አመት ውጪ ሀገር እንድማር ተቀባይነት አግኝቻለሁ፣ ልሄድ የቀረኝ አምስት ወር ነው። ደስ ብሎኛል ግን ከደስታው ጭንቀቱ እየበለጠብኝ መጣ። የሄዱትን ስጠይቅ ስለ ልብስና ስለ ሻንጣ ኪሎ ነው የሚያወሩኝ፣ ከምን ልጀምር ስላቸው ሁሉም የየራሱን ይላል። እናቴ ደሞ በጣም ትጨነቃለች፣ እሷን ሳይ እኔም እፈራለሁ። እባካችሁ በቅደም ተከተል ንገሩኝ። የጨነቃት ነኝ።

መልስ፦ እህቴ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ! አምስት ወር ይበቃሻል፣ ግን የሚበቃሽ በትክክለኛው ነገር ከጀመርሽ ነው። እኔ ነገሮቹን የምለያቸው በአንድ ጥያቄ ነው፣ ይሄን ብረሳው እዛ ሆኜ ማስተካከል እችላለሁ ወይ? ጃኬት ብትረሺ እዛ ትገዣለሽ፣ የዲፓርትመንትሽን ፊርማ ከረሳሽ ግን ሌላ ሀገር ሆነሽ በኢሜይል ስትለምኚ ነው የምትከርሚው። ስለዚህ ማስተካከል የማትችይውን አሁን ጨርሺ፣ ሻንጣው የመጨረሻው ሳምንት ስራ ነው።

ከሁሉ በፊት ኮርስ። ይሄን አጥብቄ የምነግርሽ በራሴ ስለደረሰ ነው፣ እኔም ተማሪ እያለሁ አንድ አመት ውጪ ተምሬ ስመለስ ሁለት ኮርስ አልተያዘልኝም፣ ምክንያቱም ከመሄዴ በፊት ጉዳዩን የያዙት ሰው "ችግር የለውም ሂጂ" ብለውኝ በቃል አምኜ ሄድኩ፣ ስመለስ እሳቸው ስራ ለቀዋል፣ እኔ እጅ ላይ ደሞ አንድም ወረቀት የለም፣ ሁለቱን ኮርስ እንደገና ተማርኩ፣ ምረቃዬም በአንድ ሴሜስተር ዘገየ። እና እባክሽ እያንዳንዱ እዛ የምትወስጂው ኮርስ እዚህ በየትኛው ኮርስ ምትክ እንደሚያዝልሽ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ስካን ተደርጎ ኢሜይልሽ ውስጥ ይቀመጥ። መሄጃሽ አውሮፓ ከሆነ ኢሲቲኤስ የሚባለውን የክሬዲት አቆጣጠር ትሰሚያለሽ፣ በሱ የሙሉ አመት ትምህርት 60 ክሬዲት ነው፣ ያንቺ ኮሌጅ ይሄን በስንት እንደሚለውጠው ሬጅስትራርን ጠይቂና መልሱን በጽሁፍ ተቀበዪ። ደሞ ሁሌም አራት ኮርስ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ስድስት ወይ ሰባት አስፈርሚ፣ እዛ ስትደርሺ አንዱ ሞልቶ አንዱ በዛ ሴሜስተር የማይሰጥ ሆኖ ይገኛልና።

ቀጥሎ ፓስፖርትና ቪዛ። ፓስፖርትሽ የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ እዪ፣ ብዙ ሀገሮች ከስድስት ወር በላይ የቀረው እንዲሆን ይፈልጋሉ፣ ላንቺ ደሞ አመቱን ሙሉ ቢሸፍንልሽ ይሻላል ምክንያቱም ውጪ ሆኖ ማሳደስ አድካሚ ነው። የቪዛው ህግ እንደ ሀገሩ ይለያያል። የትኛው ሀገር እንደምትሄጂ ስላልጻፍሽልኝ ተማሪ ከሚበዛባቸው ሶስቱን ልንገርሽ። አሜሪካ ኤፍ ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ ከሆነ ትምህርት ከሚጀመርበት ቀን ከ30 ቀን በላይ ቀድመሽ መግባት አትችይም፣ ስለዚህ ቲኬት ረከሰ ብለሽ ቸኩለሽ አትቁረጪ። እንግሊዝ በተማሪ ቪዛ ከሆነ የሚፈለገው ገንዘብ 28 ተከታታይ ቀን ሳይጎድል ባንክ መቀመጥ አለበት፣ አንድ ቀን እንኳ ከዛ በታች ከወረደ ቆጠራው ይበላሻል፣ ብዙ ልጆች የሚወድቁት ገንዘቡ ጠፍቶ ሳይሆን በዚህ ነው። ጀርመን ደሞ ብዙውን ጊዜ የታገደ ሂሳብ የሚባለውን ይጠይቃሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 መስከረም ጀምሮ ለአመት 11,904 ዩሮ ነበር፣ ገንዘቡ ያንቺው ሆኖ በወር በወር 992 ዩሮ ነው የሚለቀቅልሽ። እነዚህ ቁጥሮች ስለሚቀያየሩ ከማመልከትሽ በፊት የኤምባሲውን ገጽ ራስሽ ክፈቺ፣ የሰው ወሬ ይዘሽ አትሂጂ፣ እኔንም ጨምሮ።

ማንም የማይነግርሽን ነገር ደሞ ልንገርሽ፣ ስልክሽን። የባንክሽም የኢሜይልሽም ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በአሁኑ ሲም ነው አይደል? እዛ ሄደሽ ሲሙ ካልሰራ ከገዛ ኢሜይልሽ ውጪ ትቀሪያለሽ፣ የተቀባይነት ደብዳቤሽ፣ የዶርም ውልሽ፣ ሁሉም እዛው ውስጥ ነው። ከመሄድሽ በፊት ኮዱን ስልክሽ ላይ በሚጫን አፕ ወደሚሰራው ቀይሪ፣ መጠባበቂያ ኮዶቹንም ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ።

የምትወስጂው መድሃኒት ካለ ከነማሸጊያው ከሀኪም ማዘዣ ጋር ያዢ፣ አንዳንዱ ሀገር አንዳንድ መድሃኒት ክልክል ነውና ቀድመሽ አጣሪ። ኢንሹራንሱንም ምን ምን እንደሚሸፍን አንብቢው፣ ጥርስና የአእምሮ ጤና ብዙ ጊዜ ውጪ ይሆናሉ። የኤሌክትሪክ እቃ ላይ ብዙ አትጨነቂ፣ ቻርጀርሽ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ የሚያስፈልግሽ መሰኪያውን የሚቀይረው አዳፕተር ብቻ ነው፣ የፀጉር ማድረቂያ ግን ተዪው፣ አሜሪካ 120 ቮልት ስለሆነ የኛ ሀገሩ እዛ በደንብ አይሞቅልሽም።

እናትሽን በተመለከተ፣ አትጨነቂ ብትያት አትሰማሽም፣ ስራ ስጫት። የሁሉንም ወረቀት ኮፒ እሷ ጋ አስቀምጪ፣ ባንክም ኮሌጅም ወክላሽ የምትሄድበት ውክልና ስጫት፣ የምታድሪበትን አድራሻና አንድ እዛ ያለ ሰው ስልክ ጻፊላት። የኔ እናት ውክልናውን ከያዘች በኋላ ነው መተኛት የጀመረችው፣ እውነትም ሁለቴ ተጠቅማበታለች።

ጥያቄ፦ እኔም ውጪ ሀገር ልማር የምሄድ ወንድ ተማሪ ነኝ፣ የቋንቋ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፌአለሁ፣ ግን ክፍል ውስጥ አስተማሪው ሲናገር ባይገባኝስ? ብቻዬን ብሆንስ? ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ላይ የማይገባህ ነገር ይኖራል፣ ፈተናው ላይ የሰማኸው ድምጽ ጥርት ያለ ነው፣ ክፍል ውስጥ ግን በፍጥነት ያወራሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ ዘዬአቸውም ይለያያል። የምትሄድበት ዩኒቨርሲቲ ዩቲዩብ ላይ ያስቀመጣቸው ሌክቸሮች ካሉ ከአሁን ጀምረህ በቀን አንዷን ያለ ጽሁፍ ስማ፣ ጆሮህ ይለምዳል። እዛ ስትደርስ ደሞ አስተማሪዎቹ ተማሪ የሚያነጋግሩበት የተመደበ ሰዓት አላቸው፣ እሱን ተጠቀምበት፣ ስንቱ ተማሪ አፍሮ ሳይሄድ ሴሜስተሩ ያልቃል።

ብቸኝነቱን በተመለከተ፣ ካሌርቮ ኦበርግ የሚባል አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ጽሁፍ ላይ ባእድ ሀገር የሚገባ ሰው መጀመሪያ ሁሉም ነገር ያምርበታል፣ ቀጥሎ ሁሉም ያስጠላዋል፣ ከዛ ቀስ እያለ ይለምዳል ብሎ ገልጾታል። ሁሉም ሰው በዚህ መልክ ያልፋል ማለት አይደለም፣ ግን እኔን የከበደኝ የመጀመሪያው ሳምንት ሳይሆን ሁለተኛው ወር ነበር፣ አዲስነቱ አልቆ ጓደኛ ገና ያልተገኘበት ጊዜ። ስለዚህ በደረስክ በመጀመሪያው ሳምንት ገና ደስታው እያለ አንድ በየሳምንቱ የሚገናኝ ነገር ውስጥ ተመዝገብ፣ ኳስም ይሁን መዘምራን ወይ የጥናት ቡድን፣ ሁለተኛው ወር ሲመጣ ማክሰኞ ማታ ለምን አልመጣህም ብሎ የሚጠይቅህ ሰው ይኖራል።