የአባታችንን ካርታ እንሽጠው ወይስ እናስቀምጠው?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉም ስለ አሮጌ ወረቀት ናቸው። ደስ ብሎኛል። ዓምዱን በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አባታችን ካረፉ በኋላ የቆርቆሮ ሳጥናቸውን ስንከፍት በጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ካርታ አገኘን። ጽሑፉ ጣሊያንኛ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ተጽፎበታል፣ ጥጉ ላይ ደግሞ የሮማውያን ቁጥር አለ። አብረው ደብዳቤዎችና ደረሰኞችም ነበሩ። አንድ ሰው ካርታውን ብቻ ሽጡልኝ እያለ መውጫ መግቢያ አሳጥቶናል። ስንት ያወጣል? (ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

መልስ፦ መጽናናቱን ይስጣችሁ። ከዋጋው በፊት ግን ካርታው መቼ እንደታተመ እንወቅ።

ያ የሮማውያን ቁጥር ምናልባት የፋሺስቶች የዘመን አቆጣጠር ነው። እነ ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1915 ዓ.ም ጀምረው ዓመት ይቆጥሩ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ ላይ 1914 ደምሩበት። 16 ከሆነ በእኛ ጥቅምት 1930 የጀመረው ዓመት ማለት ነው። ይህ ለደሴ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ከተማችን በአውሮፕላን የተደበደበችው ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው፣ ንጉሠ ነገሥቱም ያኔ እዚሁ ደሴ ነበሩ። ጣሊያን ሚያዝያ 1928 ገባ፣ ሚያዝያ 1933 ተሸንፎ ለቀቀ። ቁጥሩ 13 ከሆነ ለወረራው ተብሎ የተዘጋጀ ካርታ ሊሆን ይችላል። 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ከተማዋን ይዘው እያስተዳደሩ ያተሙት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ የሚወርደው መስመር እንዴት እንደተሳለም እዩ። ያንን የመኪና መንገድ የሠሩት ከያዙን በኋላ ነው።

ኅዳጉ ላይ «ኢስቲቱቶ ጂኦግራፊኮ ሚሊታሬ» የሚል ካለ ያተመው ፍሎረንስ ያለው የጦር ሠራዊቱ የካርታ መሥሪያ ቤት ነው። እንዲህ ያሉት ካርታዎች ለጦሩና ለአስተዳደሩ በብዛት ይታተሙ ስለነበር ሌላ ቅጂ ሮምም አዲስ አበባም ሊገኝ ይችላል። የእናንተን ሳጥን ግን ከእናንተ በቀር ማንም የለውም! አባታችሁ ካርታውን ከማን አገኙት? ለምን በጨርቅ ጠቅልለው እስከ ዕለተ ሞታቸው አኖሩት? መልሱ አብረውት ካሉት ደብዳቤዎች ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሰውዬው ካርታውን ብቻ ይዞ ከሄደ ሁለቱ ይለያያሉ፣ ከዚያ በኋላ ማንም መልሶ አያገናኛቸውም።

ስለዚህ ምክሬ አትሽጡ ነው። ሳላየው ዋጋ ብነግራችሁም ማታለል ይሆንብኛል። መጀመሪያ ዕቃው ሳይነሳ፣ ሳጥኑ ውስጥ በተቀመጠበት ቅደም ተከተል በስልክ ፎቶ አንሱት። ከዚያ የአባታችሁን ታሪክ የሚያውቁ አክስት አጎት ካሉ ቡና አፍሉና ጠይቋቸው፣ የሚሉትንም ጻፉ። ገዢው ወደ ውጭ እወስደዋለሁ የሚል ከሆነ ደግሞ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ክልክል እንደሆነ ንገሩት።

ጥያቄ፦ የአያቴ የግብር ደረሰኞችና የትምህርት ቤት ሰርተፍኬታቸው እጄ ላይ አለ። እየተበጣጠሰብኝ ስለሆነ ላሚኔት ላስደርገው አሰብኩ። ጥሩ ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም እንዳታደርጊው! ላሚኔት ማለት ወረቀቱን በሙቀት ከፕላስቲክ ጋር ማጣበቅ ነው። አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም። ወረቀቱ ውስጥ ያለው አሲድ እዚያው ታፍኖ ወረቀቱን መብላቱን ይቀጥላል፣ አንቺም ልትደርሺለት አትችይም። የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍም ያው ነው። ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል።

ማድረግ ያለብሽ ቀላል ነው። እጅሽን ታጥበሽ አድርቂ። ስፒል፣ አግራፍ፣ መርፌ ቁልፍ ካለበት ቀስ አድርገሽ አውጪ፣ ዝገቱ ወረቀት ይበላል። የታጠፈውን ዘርጊው፣ ግን አታስገድጂው። እያንዳንዱን ደረሰኝ በንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከል አድርገሽ ካርቶን ውስጥ በጠፍጣፋው አስተኚው። ያ የሚሸተው ለስላሳ የፕላስቲክ ፎልደር አይሁን፣ ቀለሙን ይልጠዋል። ስም መጻፍ ካስፈለገ ከጀርባው በእርሳስ ብቻ፣ ሳትጫኚ ጻፊ። ካርቶኑን መሬት ላይ አታስቀምጪ፣ ምስጥ አለ። ደሴ ያሉ ዘመዶችሽ ጋ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ከውጭ ግድግዳ ይራቅ፤ ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ሲለብስ ግድግዳው የሚይዘውን እርጥበት ታውቂዋለሽ። ዕጣንና የምድጃ ጭስ የሚበዛበት ክፍልም አይሆንም።

ደረሰኞቹን ደግሞ አንብቢያቸው፣ ብዙ ይናገራሉ። የትምህርት ግብር የታወጀው በ1940 ዓ.ም ነው፣ የጤና ግብር በ1951። አሥራት የቀረው በ1960 ነው። ስለዚህ ቀኑ የተፋቀ ደረሰኝ ቢሆን እንኳ የተዘረዘሩትን ግብሮች አይተሽ ዘመኑን መገመት ትችያለሽ። «የወሎ ጠቅላይ ግዛት» የሚል ከሆነ ከአብዮቱ በፊት ነው፣ «ክፍለ ሀገር» የሚለው በደርግ ጊዜ የመጣ ነው። የአያትሽ መሬት የነበረበት ቀበሌና ምክትል ወረዳ ስምም ይኖርበታል፣ አንዳንዱን ዛሬ የሚጠራው ሰው የለም።

ጥያቄ፦ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያለው የአያቶቻችን ጭቃ ቤት ሊፈርስ ነው። የውስጡ ግድግዳ በድሮ ጋዜጣ የተለጠፈ ነው። ዝም ብሎ ይፍረስ? (ከደሴ)

መልስ፦ ኧረ አይፍረስ! አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም ነው፣ ግድግዳችሁ ላይ የስንት ዓመት ጋዜጣ ተደራርቦ ይሆናል። መጀመሪያ ሙሉውን ግድግዳ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ቀረብ ብላችሁ ገጽ በገጽ። የተለጠፈው በዱቄት ሙጫ ከሆነ ትንሽ እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ሲደረግበት ይለሰልሳል፣ በቀጭን ቢላ ከሥሩ እየገቡ ማንሳት ይቻላል። መጀመሪያ የማይጠቅም ጥግ ላይ ሞክሩ። ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ ተዉት፣ ፎቶው ይበቃል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የከተማችንን የድሮ ወረቀቶች መሰብሰብ እፈልጋለሁ፣ ገንዘብ ግን የለኝም። ከየት ልጀምር? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የተረፈው ከድሮውም በላይ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

ከቆራሌ ጀምር። በኪሎ ከሚገዙት ወረቀት ውስጥ ያላየሁት ነገር የለም፦ የመሠረተ ትምህርት መማሪያ፣ የቀበሌ የስኳር ኩፖን፣ የእድር ደብተር፣ የሠርግ ካርድ። ቀድመህ ካልደረስክ ቆሎ መጠቅለያ ነው የሚሆነው። ከአንዱ ጋር ተወዳጅና ሲመጣለት ይደውልልህ። የድሮ ማተሚያ ቤቶችንም ጠይቅ፣ ናሙና የሚያስቀሩ ባለሙያዎች አሉ። ሁሉን ልያዝ ብትል ግን ቤትህ አይበቃም። አንድ ነገር ምረጥ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን መንገድ፣ ወይም የኮምቦልቻን ፋብሪካዎች፣ ወይም ሠርግ ብቻ። ያገኘኸውን ሁሉ ከማን፣ የት፣ መቼ እንዳገኘኸው ደብተር ላይ ጻፍ። ያ ካልተጻፈ የያዝከው ብጣሽ ወረቀት ነው።

የመሥሪያ ቤት ማኅተምና የመዝገብ ቁጥር ያለው ፋይል ወይም የሙዚየም ቁጥር የተለጠፈበት ዕቃ ካገኘህ ግን ያንተ ስብስብ ውስጥ አይግባ። ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ አሳውቅ።

የዛሬውንም ያዝ። የሐዘን ማስታወቂያ፣ የምርጫ ፖስተር፣ የአውቶቡስ ትኬት። ከካሽ ሬጅስተር ማሽን የሚወጣው ደረሰኝ የሚታተመው በሙቀት ስለሆነ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይነጣል። እሱን ባገኘህበት ቀን ፎቶ ኮፒ አድርገውና ከኮፒው ጋር አስቀምጠው።