ፋሽን ዲዛይንና ቴክኖሎጂ ለመማር ላሰባችሁ፦ ጠይቁኝ

ሰያፍ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፋሽን ዲዛይንና ቴክኖሎጂን በዲግሪ ስለመማር በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚሁ በግልጽ ብንጨርሰው ይሻላል። የኔ ሥራ ፓተርን ነው፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ልክ ማውጣት። ለዓመታት ቆርጫለሁ፣ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ስለ ሞዴሊንግና ስለ ታዋቂ ሰዎች ልብስ አትጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፦ ዋናውን ጨርቅ ከመቁረጣችሁ በፊት በአቡጀዲ ሞክሩ። ዛሬ ይህን አሥር ጊዜ ሳልደግመው አልቀርም።

ጀማሪዋ፦ ጋሽ ሰያፍ እንደምን ዋሉ። ዘንድሮ ልመዘገብ ነው፤ ግን ስዕል አልችልም። ሰው ስሥል ድንች ነው የሚመስለው። ልተወው?

ሰያፍ፦ አትተዪው። የሚሸጠው ልብሱ እንጂ ሰውዬው አይደለም። መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ ልብሱ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ መስሎ ከፊትና ከኋላ የሚሣልበት ጠፍጣፋ ስዕል ነው። ስፌቱ በየት እንደሚያልፍ፣ ኪሱ ስንት ሴንቲ እንደሆነ፣ ዚፑ የት እንደሚያልቅ ይታይ። አንቺን አይታሽ የማታውቅ ሰፊ ስዕልሽን ብቻ ይዛ ልብሱን ከሰፋችው ስዕል ትችያለሽ። ድንቹ በጊዜው ይስተካከላል።

ኪሩ፦ ዲዛይኑና ቴክኖሎጂው ምንድነው ልዩነታቸው?

ሰያፍ፦ ዲዛይን ምን እንደሚሰፋ ይወስናል። ቴክኖሎጂ ያ ልብስ ሺህ ጊዜ ተሰፍቶ ሺውም አንድ ዓይነት እንዲሆን ያደርጋል። ለምሳሌ ፓተርኖቹ ጨርቁ ላይ ሲደረደሩ 85 በመቶውን ብቻ ከሸፈኑ 15 በመቶው ገንዘብ ተከፍሎበት መሬት ላይ ይወድቃል። አደራደሩን ቀይሮ ሁለት ሦስት በመቶ የሚያተርፍ ልጅ ፋብሪካ ውስጥ ይወደዳል። ብዙ ቦታ ሁለቱ በአንድ ዲግሪ ተጠቃለው ይሰጣሉ። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ የኮርሱን ዝርዝር ክፈቱና ፓተርንና ስፌት ስንት ሰዓት እንደተሰጣቸው ቁጠሩ።

ናቲ፦ ስለ ትምህርቱ በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

ሰያፍ፦ በአጠቃላይ ከባድ ነው። ቀጣይ።

ሒሳብ ፈሪዋ፦ ሒሳብ አለው እንዴ? ከሱ ሸሽቼ ነው ወደዚህ የመጣሁት 😅

ሰያፍ፦ እንኳን ደህና መጣሽ፣ እሱም እዚህ እየጠበቀሽ ነው። ሙሉ ክብ ቀሚስ ልትቆርጪ ነው እንበል፣ ከወገብ በታች የሚለበሰውን። ወገብሽ 70 ሴንቲ ነው። 70ን ለ6.28 ስታካፍዪ 11.1 ይመጣል። ከመሃል ነጥቡ በ11.1 ሴንቲ ክብ ትሠሪያለሽ፣ እሱ የስፌቱ መስመር ነው። የስፌት ትርፉ 1 ሴንቲ ወደ ውስጥ ስለሆነ መቀሱ የሚያልፈው በ10.1 ላይ ነው። ግማሽ ክብ ከሆነ ለ3.14 አካፍዪ፣ 22.3 ይሆናል። አለቀ። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ቁጥሩ ሲሳሳት ግን በቀይ እስክሪብቶ ፈንታ የተበላሸ ጨርቅ ታያለሽ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ጨርቅ ድርና ማግ አለው። በድሩ ብትስቢው እምቢ ይላል፣ በማጉ ትንሽ እሺ ይላል። በሰያፍ፣ ማለትም በ45 ዲግሪ ስትስቢው ግን ያ ደረቅ ጨርቅ ላስቲክ የገባበት ይመስላል። ክሮቹ ስለተለጠጡ አይደለም፤ ድሩና ማጉ የሚሠሩት ካሬ ስለሚዛባ ነው። ማድሌን ቪዮኔ የምትባለው ፈረንሳዊት በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ስሟን የተከለችው በዚህ ነው። ትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ጨርቅ እየጠቀለለች ትሞክር ነበር። ልብሶቿ ገላ ላይ የሚፈሱት በሰያፍ ስለተቆረጡ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ያዛጋሉ፣ ሲነኩት ነው የሚነቁት። አሁኑኑ መሐረብ አምጡና በሁለቱ ተቃራኒ ማዕዘኖቹ ያዙት። ሳቡት። አያችሁ?

ክብ ቀሚስ ደግሞ ድሩም ማጉም ሰያፉም በአንድ ልብስ ላይ የሚገኙበት ነው። ስለዚህ ከሰፋሽው በኋላ ጠርዙን ወዲያው አጥፈሽ አትስፊው። ሌሊቱን ስቀዪው። ለምን እንደሆነ ጠዋት ይገባሻል። እና በአቡጀዲ ሞክሪ።

ሒሳብ ፈሪዋ፦ አቡጀዲ አለኝ። ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ።

ቶሚ፦ ይቅርታ ግን ዲግሪ ለምን ያስፈልጋል? ሬይ ካዋኩቦ፣ ኮም ዴ ጋርሶን የተባለው የጃፓን ፋሽን ቤት መሥራች፣ ፋሽን አልተማረችም። ዩቲዩብ አለ እኮ።

ሳባ፦ ሁሌ እሷን ትጠራላችሁ። ያልተማሩና ያልተሳካላቸውን ማን ይቁጠራቸው?

ቶሚ፦ እንግሊዛዊው ዲዛይነር ማክዊንስ? በ16 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ ልብስ ሰፊዎች ጋ ነው የገባው።

ሳባ፦ ከዚያስ? ለንደን ያለው የጥበብ ትምህርት ቤት ሴንትራል ሴንት ማርቲንስ ገብቶ በ1992 ማስተርሱን ጨረሰ። ግማሹን ታሪክ ብቻ አታውራ።

ቶሚ፦ ሲገባ እጁ ያውቅ ነበር እያልኩሽ ነው!

ሰያፍ፦ ሁለታችሁም የምትሉት አንድ ነገር ነው፤ ትጨቃጨቃላችሁ እንጂ። ማክዊን ለንደን ሳቪል ሮው በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የወንድ ኮት ሲሰፋ ቆይቶ ነው ትምህርት ቤት የገባው። እጁ ቀድሟል፣ ሐሳቡ ተከትሏል። ዲግሪው የሚሰጣችሁ ማሽን፣ ጊዜና ሥራችሁን ፊት ለፊት የሚተች ሰው ነው። ዩቲዩብ ትከሻችሁ ላይ የተጨማደደውን እጅጌ አያይም። በቃ፣ ወደ ጥያቄው ተመለሱ።

ብሌን፦ ምን ዓይነት ላፕቶፕ ልግዛ? ከልብስ ዲዛይን ሶፍትዌሮቹ ክሎ ይሠራበታል ወይስ ሌክትራ?

ሰያፍ፦ ሌክትራ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው የምታገኚው። ክሎ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ዓመት ግን በወረቀት፣ በማስመሪያና በእርሳስ ነው፤ ላፕቶፑን ለመግዛት አትቸኩዪ። ስክሪን ላይ ያማረ ልብስ አቡጀዲ ላይ ሲፈተን ስንቴ አፍሬያለሁ።

ዮኒ፦ በኤአይ ዘመን ግን ይህን መማር ዋጋ አለው?

ሰያፍ፦ ኤአይ ሥዕል ይሰጥሃል። እጅጌውን ከልብሱ ክንድ ማስገቢያ ጋር ገጥሞ የሚሰፋው ማነው?

ቶሚ፦ በ1831 የፓሪስ ሰፊዎችም እንደዚህ ብለው የፈረንሳዊውን ፈጣሪ የቲሞኒዬን የስፌት መኪና ሰባበሩ 😂

ሳባ፦ የስፌት መኪና የፈጠረው ሲንገር አይደለም እንዴ?

ቶሚ፦ ሲንገር በ1851 ነው። ከሱ በፊት በ1846 ኤልያስ ሃው ፓተንት አውጥቷል። ሃው ከሶት ሲንገር ከፍሏል።

ሳባ፦ እና ሰፊዎቹ መኪናውን ሰበሩ፣ ግን ሰፊ አልጠፋም። የማንን ሐሳብ ነው የምታጠናክረው?

ሰያፍ፦ ይሄ የታሪክ ክፍል አይደለም። ያም ሆኖ ሳባ ረታች።

ሜሪ፦ ፖሊስተርና ጥጥ በምን ይለያሉ?

ሰያፍ፦ ጥቂት ክር ምዘዢና በብረት መቆንጠጫ ይዘሽ አቃጥዪ፣ አጠገብሽ ውሃ ይኑር። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ለስላሳ ነው። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ጉብታ ይሆናል። ሱፍና ሐር እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ። ቅልቅል ከሆነ ያደናግርሻል። ጥጥ ከሆነ ደግሞ ሳትቆርጪው እጠቢው። ሲታጠብ 5 በመቶ ካጠረ 100 ሴንቲ የነበረው ሱሪ 95 ይሆንና ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል።

ፍጹም፦ እኔ ዲዛይን ይሻለኛል ወይስ ቴክኖሎጂ?

ሰያፍ፦ ላይ መልሼዋለሁ።

ፍጹም፦ አይ ለኔ ማለቴ ነው።

ሰያፍ፦ ወንድሜ አላውቅህም እኮ! ምን ትወዳለህ፣ ምን ሰፍተህ ታውቃለህ፣ አንዱንም አልነገርከኝም። ሂድና አንድ ሸሚዝ ግዛ፣ አሮጌ ይሁን። ስፌቱን በሙሉ ፍታው። ቁራጮቹን በካውያ ተኩሰህ ወረቀት ላይ ገልብጣቸው። ኮሌታው ስንት ቁራጭ እንደሆነ ስታይ ከተገረምክ ዲዛይንም ሆነ ቴክኖሎጂ ግባ፣ ያዋጣሃል። ከሰለቸህ ሌላ ነገር ተማር። እኔ እዚህ ላይ ላብቃ፣ መቀሴ እየጠበቀኝ ነው።

ሒሳብ ፈሪዋ፦ ጋሽ ሰያፍ፣ ይቅርታ፣ ማታ የሰፋሁት ክብ ቀሚስ ጉድ ሆነ። ሰቅዬው አደርኩ። ጠዋት ሳየው ጠርዙ አራት ቦታ ላይ ወደ ታች ወርዷል! አንዱ ጋ 3 ሴንቲ ይሆናል። ምን አጥፍቼ ነው? ስቆርጠው እኮ ልክ ነበር።

ሰያፍ፦ ምንም አላጠፋሽም። አራቱ ቦታዎች በድሩና በማጉ መካከል ናቸው አይደል?

ሒሳብ ፈሪዋ፦ ቆይ ልየው… አዎ! አራቱም!

ሰያፍ፦ ሰያፎቹ ናቸው። አሁን ልበሺውና ሌላ ሰው ከወለሉ ጀምሮ በማስመሪያ እየለካ ዙሪያውን በጠመኔ ምልክት ያድርግልሽ። አንቺ ጎንበስ አትበይ፣ ልኩ ይዛባል። ከዚያ ቁረጪው።