መልስ፦ ሦስቱን ዶሮዎቼን ወደ አሜሪካ ይዤ መሄድ እችላለሁ?

እህቴ፣ ከደብረ ማርቆስ ይዘሻቸው ለመሄድ አትሞክሪ። በቀቀንን ለመሰለ የቤት ወፍ የተለየ ደንብ አለ፤ ዶሮና ዳክዬ ግን የቱንም ያህል ብትወጃቸው በአሜሪካ ደንብ የእርባታ እንስሳ ናቸው። እኛ አገር ደግሞ ፈንግል የሚባለው ገዳይ የዶሮ በሽታ አለ። ስለዚህ የመግቢያ ፈቃድ፣ የመንግሥት እንስሳት ሐኪም የጤና ምስክር ወረቀት፣ እዚያ ስትደርሺም በመንግሥት ማቆያ 30 ቀን ይጠየቃል። ወጪው ካንቺ ነው።

«እንቁላል ወስጄ እዚያ ላስፈልፍል» ያልሽውም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሻንጣ ውስጥ እንዳትደብቂ፤ ይወረሳል፣ ሊያስቀጣሽም ይችላል።

ይልቅ የምታምኚውን ሰው ፈልገሽ ስጫቸው፦

1. ከመስጠትሽ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብለሽ ለፈንግል አስከትቢያቸው።
2. ማታ ቆጥ ላይ ከሰፈሩ በኋላ ያዣቸው፤ ሲጨልም አይደነግጡም።
3. አዲሱ ቤት ሳምንት ያህል ተዘግተው ይቆዩ፣ ማደሪያቸውን እስኪለምዱ።

እኔ ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር ስዛወር አራቱን ሳላስከትብ ለአክስቴ ሰጠኋት። እሷ በዚያው ሰሞን ከገበያ የገዛችውን አውራ ዶሮ እዚያው ቀላቀለችው። በጥቂት ቀን ውስጥ የእኔም የእሷም አለቁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ተቀባይሽን አደራ በያት፦ ከገበያ የመጣ ዶሮ ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻው ይቆይ፣ በተለይ ክረምት ሊገባ ሲል።