ይሉኝታው ይቅርና ከሜይ 1 በፊት ሂሳቡን እንሥራ

ፋሲካ አለፈ። ዶሮው ተበላ፣ ዘመድም ተጠያየቀ። በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ "ልጅቷ የት ገባች?" ሲኒየር (12ኛ ክፍል) ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ሰሞኑን ስንት ጊዜ እንደመለሳችሁ አውቃለሁ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች የመጨረሻውን መልስ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በእነዚህ ጥቂት ቀናት የሚፈረመው ወረቀት ደግሞ አሥርና ሃያ ዓመት ሊከተላችሁ ይችላል። ስለዚህ ረጋ ብለን እንነጋገር።

ሁለት ልጆች ኮሌጅ አስገብቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ካሉ ወላጆች ጋር ኮሌጆች ስለ ገንዘብ እርዳታ የሚልኩትን ደብዳቤ እናነባለን። እስካሁን እንዳየሁት ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣን እንግሊዝኛው አይደለም። ይሉኝታ ነው። ኮሌጁን "ጨምሩልን" ማለት እናፍራለን። ለልጃችን "አቅማችን ይህ ነው" ማለት እናፍራለን። ዘመድ "ፈርምልኝ" ሲለን እምቢ ማለት ያቅተናል።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወንድማችን መጣ። ማታ ማታ ፓርኪንግ ጋራዥ ነው የሚሠራው። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ዩኒፎርሙን እንኳ አልቀየረም። ደብዳቤውን ፕላስቲክ ውስጥ ከትቶ በሁለት እጁ ይዞታል። "እህቴ፣ 61 ሺህ ዶላር ሰጧት!" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ልጅቷ ከኋላው ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ኮሌጁ ስም ያለው የግል ኮሌጅ ነው። ማደሪያና ምግቡን ጨምሮ የዓመቱ ወጪ 78,000 ዶላር ነው።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነውና ሁለት ሃይላይተር አወጣሁ። አረንጓዴው ለማይመለስ ገንዘብ፣ ቀዩ ለብድር። ኮሌጁ ራሱ የሰጠው ግራንት 29,000። አረንጓዴ። ከመንግሥት የመጣው ፔል ግራንት 3,100። አረንጓዴ። በልጅቷ ስም የተጻፈው የፌዴራል ብድር 5,500። ቀይ። ወርክ ስተዲ 2,500። ይህን ሳልቀባው ተውኩት፤ ልጅቷ ግቢ ውስጥ ሥራ አግኝታ በሰዓት ሠርታ የምታገኘው ደመወዝ እንጂ አሁን በእጅ ያለ ገንዘብ አይደለም። ቀጥሎ ያለው መስመር "ፓረንት ፕላስ 20,900" ይላል።

"ይሄስ?" አለ አባትየው።

"ይሄ የአንተ ዕዳ ነው። በአንተ ስም የሚወጣ ብድር።"

ዝም አለ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው።

አረንጓዴውን ስንደምረው 32,100 ዶላር ሆነ። ከ78,000 ላይ ሲቀነስ 45,900 ይቀራል። እውነተኛው ዋጋ ይህ ነው። ሁለተኛው ደብዳቤ ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። "እርዳታ 19,500" ስለሚል ማንም ቁም ነገር አላለውም ነበር። የዚያኛው ወጪ 31,000፣ አረንጓዴው 14,000፤ የሚቀረው 17,000 ነው። በሁለቱ መካከል በዓመት 28,900 ዶላር፣ በአራት ዓመት 115,600 ዶላር ልዩነት አለ። ፓረንት ፕላሱን ብቻ አራቱንም ዓመት ቢወስድ 83,600 ይሆናል። በዘጠኝ በመቶ ወለድ በአሥር ዓመት ይከፈል ከተባለ፣ በየወሩ ከ1,050 ዶላር በላይ ነው። ለዚያውም ቀሪውን ክፍተት አይሸፍንም።

እናንተም ይህንኑ አድርጉ። "ጠቅላላ እርዳታ" የሚለውን ቁጥር ለጊዜው እርሱት። የዓመቱን ሙሉ ወጪ ጻፉ። መጽሐፍና ትራንስፖርትም ይቆጠር፤ አንዳንዱ ደብዳቤ እነሱን ይዘላቸዋል። ከዚያ ላይ የማይመለሰውን ገንዘብ ብቻ ቀንሱ። የቀረውን በአራት አባዙ። ሁሉንም ኮሌጆች በዚህ መንገድ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

ስኮላርሺፑ በየዓመቱ መታደሱንም ጠይቁ። ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ የሚሰጥ አለ። ውጤት ከተወሰነ ነጥብ ሲወርድ የሚቋረጥም አለ። ለምሳሌ ጆርጂያ ያላችሁ ወገኖች የምታውቁት ሆፕ ስኮላርሺፕ 3.0 ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ይፈልጋል። ሃይስኩል ላይ 3.0 ቀላል የነበረለት ልጅ ኢንጂነሪንግ ሲገባ ሊከብደው ይችላል።

ስለ ፓረንት ፕላስ ትንሽ ልጨምር፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው። ብድሩ የወላጅ ነው። ልጁ ተመርቆ ጥሩ ሥራ ቢይዝም ዕዳው ሕጋዊ ባለቤቱን አይቀይርም። ሕጉ ደግሞ ተቀይሯል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደር ወላጅ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር በላይ መውሰድ አይችልም። አዲሱ ብድር ወርሃዊ ክፍያን ከገቢ ጋር በሚያመዛዝኑት ፕሮግራሞች ውስጥም አይገባም። ሥራ ቢጠፋ፣ ጉልበት ቢደክም ክፍያው ያው ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ጡረታ ያላጠራቀመ፣ ቀን ደለስ ኤርፖርት፣ ማታ ኡበር የሚሠራ አባት ይህን ሲፈርም ማየት ያመኛል።

በልጁ ስም የሚወጣው የፌዴራል ብድር ግን ሌላ ነገር ነው። በወላጅ ለሚረዳ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው 5,500 ዶላር ነው። ከዚያ ውስጥ እስከ 3,500 ድረስ ሰብሲዳይዝድ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ማለት ልጁ እስኪጨርስ ወለዱን መንግሥት ይሸፍናል። ለመጀመሪያ ዲግሪ በጠቅላላው ከ31,000 አይበልጥም። ዋስ አይጠይቅም። መበደር ግድ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ።

የባንክ ብድር ብዙ ጊዜ ኮሳይነር ይፈልጋል። ኮሳይነር ማለት በእኛ ቋንቋ ዋስ ነው። አገር ቤት ዋስ ሆኖ ቤቱን ያጣ ሰው ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚህም ሥራው ያው ነው። ልጁ መክፈል ሲያቅተው ባንኩ ወደ ዋሱ ይመጣል፣ የዋሱም ክሬዲት ይበላሻል። ለወንድም ልጅ፣ ለክርስትና ልጅ፣ ለማህበር ጓደኛ ልጅ እየራሩ የፈረሙ ሰዎች አሉ። መርዳት ከፈለጋችሁ የአቅማችሁን በእጅ ስጡ። ያ ይሻላል።

አሁን ወደ መጠየቁ እንምጣ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶች። ኮሌጁ የላከው ደብዳቤ የመጨረሻ ቃል አይደለም። የ2026-27 ፋፍሳ (የፌዴራል እርዳታ የሚጠየቅበት ቅጽ) የሚያየው የ2024ን ታክስ ነው። ከ2024 ወዲህ ሥራ ካጣችሁ፣ ሰዓት ከተቀነሰባችሁ፣ ከታመማችሁ ወይም ከተፋታችሁ ኮሌጁ ይህን አያውቅም። ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ጻፉና ሁኔታችሁን እንደገና እንዲያዩት ጠይቁ። የሥራ ማጣት ደብዳቤ፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀት፣ የሆስፒታል ቢል አያይዙ። ሌላ ተመጣጣኝ ኮሌጅ የተሻለ ከሰጠም ያንን ደብዳቤ አያይዙ። በተለይ የግል ኮሌጆች ያዩታል።

አንድ የእኛ ጉዳይ አለ። ስንቶቻችን ነን በየወሩ ለእናት መድኃኒት፣ ለእህት የቤት ኪራይ ወደ አገር ቤት የምንልከው? ፋፍሳ ይህን አይጠይቅም። ቤተሰብ ብሎ የሚቆጥረው አብሯችሁ የሚኖረውንና ከግማሽ በላይ የምትደግፉትን ነው፤ ደብረ ብርሃን ያሉት እናታችሁ እዚያ ውስጥ የሉም። በወረቀት ላይ 70 ሺህ የሚያገኝ ሰው በእጁ የሚቀረው 58 ሺህ ሊሆን ይችላል። ኮሌጁ ይህን የመቀበል ግዴታ የለበትም። ግን በይግባኙ ላይ መጻፍ ይቻላል። የላካችሁበትን የዓመት ደረሰኝ አትሙና አያይዙት። የአገራችንን ነገር የማያውቅ ሠራተኛ "ቤተሰብ እረዳለሁ" ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይልቅ አሥራ ሁለት ደረሰኝ ይገባዋል።

ኢሜይሉን ልጁ ራሱ ቢጽፈው ጥሩ ነው። አጭርና ትሁት ይሁን። መጀመሪያ ምስጋና፣ ቀጥሎ የተለወጠው ነገር፣ በመጨረሻ የጎደለው መጠን በቁጥር። መልሱ ከሜይ 1 በፊት የማይደርስ ከመሰለ ዲፖዚት (ቦታ መያዣ) የሚከፈልበት ቀን እንዲራዘም በዚያው ኢሜይል ጠይቁ። ዝም ብላችሁ ሁለት ቦታ ዲፖዚት አትክፈሉ፤ ኮሌጆች አይወዱትም፣ ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

ስለ መኖሪያ ወረቀት በየጊዜው ስለሚጠየቅ ባጭሩ ላንሳው። ለፌዴራል እርዳታ የሚታየው የልጁ ሁኔታ ነው። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የተፈቀደለት ወይም ስደተኛ ሆኖ የገባ ልጅ ይችላል። ወላጅ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ስለሌለው ልጁ አይከለከልም። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ልጅ ግን የፌዴራሉን አያገኝም። ሜሪላንድና ዋሽንግተን ስቴት ፋፍሳ መሙላት ለማይችሉ ልጆች የራሳቸው ቅጽ ስላላቸው ያንን ጠይቁ።

ኮሚኒቲ ኮሌጅን፣ ማለትም የሁለት ዓመቱን የአካባቢ ኮሌጅ፣ በተመለከተ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ማውራቱን ብንተው ደስ ይለኛል። "ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ገባ" ሲባል እንደ ሐዘን ዜና የሚሰማው ሰው አለ። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የሚሻገር ልጅ የሚቀበለው ዲግሪ ከመጀመሪያው እዚያ ከገባው ጋር አንድ ነው። በቨርጂኒያ የተወሰነ ጂፒኤ ላሟላ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪ መግቢያ የሚያረጋግጡ ስምምነቶች አሉ። ሚኒሶታ ያላችሁ ደግሞ የቤተሰብ ገቢያችሁ ከ80,000 በታች ከሆነ ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ የሚባለውን ተመልከቱ፤ በስቴቱ የመንግሥት ኮሌጆች ከሌላ እርዳታ የተረፈውን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ግን ዕቅድ ይፈልጋል። የትኛው ኮርስ እንደሚሻገር ከመጀመሪያው ሴሚስተር ካልታወቀ ሁለት ዓመቱ አራት ይሆናል። ከአራት ዓመት ኮሌጅ ለአዲስ ገቢ ተማሪ ብቻ የሚሰጥ ትልቅ ስኮላርሺፕ ከቀረበለትም ያንን ጥሎ መሄድ አያዋጣም።

ነርሲንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ የሚፈልግ ልጅ ካላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "የገባው ዩኒቨርሲቲው ነው ወይስ ዲፓርትመንቱ?" በብዙ ቦታ እነዚህ ለየብቻ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነርሲንግ የማያገኝ ልጅ አለ።

ከሁሉ የሚከብደው ከልጁ ጋር መነጋገሩ ነው። "አንተ ብቻ ግባ፣ ሌላውን እግዚአብሔር ያውቃል" እንላለን። ከፍቅር ነው የምንለው። ልጁ ግን እውነቱን የሚሰማው ሁለተኛ ዓመት ላይ ሂሳብ ሳይከፈል ቀርቶ ኮርስ እንዳይመዘገብ ሲታገድ ነው። ከዚያ ይልቅ አሁን ቁጥሩን ንገሩት። "በዓመት ይህን ያህል እንችላለን፤ ከዚህ በላይ አንችልም።" የሚያለቅስ ልጅ አለ። ይልቀስ፤ አጠገቡ ሁኑ። ያቺ የጋራዡ ልጅ "አባዬ፣ እኔ ለአንተ ብዬ ነው ደስ ያለኝ የመሰልኩት" ነበር ያለችው። ለካ እሷም ይሉኝታ ይዟት ኖሯል። የግሉ ኮሌጅ በይግባኝ 4,000 ዶላር ጨመረላቸው። አልበቃም። ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባች።

ከወሰናችሁ በኋላ አንድ ነገር አትርሱ። ልጁ ኮሌጅ ከገባ በኋላ ሂሳቡ የሚመጣው በልጁ ፖርታል (የኮሌጁ የኢንተርኔት ገጽ) እንጂ በፖስታ ወደ ቤት አይደለም። ቢሮውም ያለ ልጁ ፈቃድ አያናግራችሁም። ስለዚህ በሰመሩ ስማችሁን ፖርታሉ ላይ እንዲያስገባ አድርጉ። እዚያ ላይ የጤና ኢንሹራንስ የሚል መስመር ካያችሁ አትለፉት። ልጁ በእናንተ ኢንሹራንስ ወይም በሜዲኬይድ ከተሸፈነ "አያስፈልገኝም" የሚል ቅጽ አለ፤ ዌቨር ይሉታል። የመጀመሪያ ልጄ ሲገባ ይህን ማንም አልነገረን። ቀኑ አለፈና 2,800 ዶላር ከፈልን። ለሁለተኛው ልጅ ቅጹን የሞላሁት ኦገስት 3 ቀን፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ፣ ካርዱን በእጄ ይዤ ነው።