አባ ጅፋር ፈሪ ነበሩን?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ጅሬን ወስጄ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሳስጎበኝ፣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የእንጨቱን ሰገነት ተደግፎ ከተማዋን ቁልቁል እያየ «ሳይዋጉ ከገበሩ ፈሪ ነበሩ ማለት አይደለም?» ሲል ጠየቀኝ። አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። ለመሆኑ አገር ደኅንነቷን የምትጠብቀው በጦር ኃይል ነው ወይስ በዲፕሎማሲ?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870ዎቹ አጋማሽ ለምኒልክ ሲገብሩ ጦር ያጡ ንጉሥ አልነበሩም። ጉልበታቸው ሳይነካ ተደራድረው፣ በየዓመቱ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን አስከበሩ፤ ጅማም እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ይህን መብቷን ይዛ ቆየች። ከጎጀብ ማዶ ያለችው ከፋ ግን በ1889 ዓ.ም. በተከፈተባት ዘመቻ ክፉኛ ተጎዳች፤ ንጉሧ ጋኪ ሸሮቾም ተማረኩ። በዚያ ዘመቻ የጅማ ጦር ከምኒልክ ጎን መሰለፉን ለልጆቹ አይሸሽጓቸው፤ አባ ጅፋር ለሰላማቸው ከከፈሉት ዋጋ አንዱ ይኸው ነውና።

ምኒልክ ራሳቸው ከጣሊያን ጋር የሄዱበት መንገድ ደግሞ ሁለቱን አጣምሮ ያሳያል። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በጣሊያንኛው ቅጂ ኢትዮጵያን ጥገኛ እንደሚያደርግ በታወቀ ጊዜ ወዲያው ጦር አላዘመቱም። በደብዳቤ ተከራከሩ፣ መልእክተኛውን አንቶኔሊን ተቀብለው አነጋገሩ፣ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ፤ በዚያው ጊዜ መሣሪያ መግዛታቸውን አላቋረጡም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል ካደረጉ በኋላም መረብን ተሻግረው አልገፉም፤ ብዙዎች ዛሬም በዚህ ይወቅሷቸዋል። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ግን ጣሊያን የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነት ተቀበለች፤ ብዙ ሳይቆይ የፈረንሳይና የእንግሊዝ መልእክተኞችም ለመዋዋል መጡ። እኔ ምኒልክን የማደንቃቸው ከድሉ ይልቅ በእነዚህ ወራት ነው።

በእኛ ዕድሜ የሆነው ግን ያሳዝነኛል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት አለቀ፤ ጦራችንም ባድመን አስመለሰ። ነገር ግን በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. የተፈረመው የአልጀርስ ስምምነት የድንበር ኮሚሽኑ በቅኝ ግዛት ዘመን ውሎችና በዓለም አቀፍ ሕግ ላይ ተመሥርቶ እንዲወስን አዘዘ፤ ኮሚሽኑም በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። ወታደሩ በደሙ የያዘው ቦታ በወረቀት ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ድንበሩ ጦርነትም ሰላምም ሳይሆን እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ተዘግቶ ኖረ። ስለዚህ ለመከላከያ በጀት ስንከራከር፣ ውል አንብቦና ካርታ መርምሮ የሚከራከር ባለሙያ ለማፍራት ስለምናወጣው ገንዘብም አብረን መከራከር አለብን እላለሁ።

ለተማሪዎ «ፈሪ አልነበሩም» ብሎ መመለስ ብቻውን የሚያረካው አይመስለኝም። ቢቻልዎ ቀጣዩን ጉብኝት እስከ ቦንጋ ያራዝሙትና የከፋን ታሪክ እዚያው ካሉ ሽማግሌዎች አፍ ይስማ።